በሙሽራ ልክ የተሰፋ ጫማ

ኅዳር 9 ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ
ከመቅደሱ በፊት ካለው የመጨረሻው የተሳላሚዎች ማረፊያ

ለውድ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ሁለታችንም በሕይወት አለን። ይህን በመጀመሪያው መስመር ላይ ያሰፈርኩት አንቺ ደብዳቤ ሲደርስሽ ቆመሽ፣ ቦርሳሽን ሳታወርጂ፣ ከመሃል ጀምረሽ እንደምታነቢ ስለማውቅ ነው። አሁን ወንበር ሳቢና ተቀመጪ። ከላይ ጀምሪ።

እንደምን ሰነበትሽ? ሳሉ ለቀቀሽ? ስልክ ያልደወልኩት ተቀይሜሽ አይደለም። ስልኩን አባትሽ ከካልሲዎቹ ጋር በሳሙና አጥቦ ፀሐይ ላይ አስጥቶታል። እንደዚያ ጸድቶ አያውቅም፤ አይሠራም እንጂ። የማረፊያዋ ኃላፊ የራሷን ልታውሰኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። አንቺ በስልክ አታስጨርሺኝም። «እማዬ ቆይ፣ እማዬ ቆይ» ትያለሽ። ወረቀት አያቋርጥም።

መቅደሱ አልደረስንም። አሁን የምጽፍልሽ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ቀኝ እግሬን ሌላ ወንበር ላይ ሰቅዬ ነው። በመስኮቱ በኩል ኮረብታው ላይ የመቅደሱ ጣሪያ ይታያል። ጤነኛ ሰው ጠዋት ተነስቶ ለምሳ ይደርሳል። አባትሽ ከታች ግቢው ውስጥ ነው። ድምፁ ይሰማኛል፤ ስለዚህ አሁን ደህና ነው።

«አትሂዱ» ብለሽን ነበር። ሐኪሙም ከለመደው ቤትና ከለመደው ሰፈር እንዳይወጣ ብሎናል። አልሰማሁም አልልም። ዕድሜዬን ሙሉ ቁስል ክፍል ውስጥ ሐኪም ያዘዘውን ስፈጽም የኖርኩ ነርስ ነኝ፤ አንዴ ባልታዘዝ ሰማይ አይደፋም አልኩ። ግን ደግሞ ምክንያት ነበረኝ፤ እሱን ለአንቺ አልነገርኩሽም።

አምና ስትመጪ አባትሽን ሱቁ ውስጥ አይተሽዋል። ጠዋት ይከፍታል፣ መዶሻውን ያነሳል፣ ለምን እንዳነሳው ይጠፋበታል፣ ማታ ይዘጋል። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ለአንድ ደንበኛ ሁለቱንም የግራ እግር ጫማ ሰፋለት። ሰውየው በሰው ፊት ሳቀበት። አባትሽ ሱቁን ከውስጥ ቆልፎ አልወጣም አለ፤ በሩን በአናጢ ነው ያስነቀልኩት። ስገባ የቆዳ ቁርጥራጭ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ ሲያለቅስ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ሥራ የሚያመጣለት ሰው ጠፋ።

አንድ ቀን ታዲያ ልብስ ሳሰጣ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። የተረጋጋ፣ ልኩን የሚያውቅ፣ የድሮው የመዶሻ ድምፅ። ገብቼ ሳይ ቆዳውን ቆርጦ፣ ክሩን ሰም ቀብቶ፣ ወስፌውን በአፉ ነክሶ ይሠራል።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«የመንገድ ጫማ ነዋ። ላንቺና ለእኔ። ቃል ገብቼልሽ የለም እንዴ?»

ቃሉንማ ገብቷል፤ በተጋባን ሰሞን። ጡረታ ስንወጣ መቅደሱ ድረስ በእግራችን ሄደን እንሳለማለን ብሎኝ ነበር። እኔ ረስቼዋለሁ። የትናንቱን ምሳ የማያስታውስ ሰው ይህን ከየት ቆፍሮ እንዳወጣው እንጃ። በቃ፣ ተመለሰልኝ አልኩ። አንቺ ብትሆኚስ ምን ትያለሽ?

ሱቁ ውስጥ መደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን የእንጨት እግሮች ታስታውሻለሽ፤ ፎርማ የሚባሉትን። ልጅ ሆነሽ እንደ አሻንጉሊት ታስተኚያቸው ነበር። አባትሽ ለእያንዳንዱ ቋሚ ደንበኛ ፎርማ አለው። የደንበኛው እግር እየሰፋ፣ አጥንቱ እየወጣ ሲሄድ፣ በፎርማው ላይ ትንንሽ ቆዳ እየለጠፈ ልኩን ያስተካክላል። የእኔ ሁለት ነው። አንዱ በተጋባን ጊዜ የተቀረጸው ነው። ሌላው አንቺን ካረገዝኩ በኋላ ነው፤ እሱ ላይ በየጊዜው እየለጠፈበት፣ ቆሜ ስሠራ ያወጣሁትን የአውራ ጣት አጥንት እየጨመረበት፣ ዛሬ የበቀለ ድንች ይመስላል።

ጫማው አልቆ ሲሰጠኝ ገና እግሬን ሳስገባ አወቅሁ። ቀና ብዬ ጠረጴዛውን አየሁ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ለስላሳው ፎርማ ነው፤ ምንም ያልተለጠፈበት፣ የሙሽርነቴ። ድንቹ መደርደሪያው ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል።

«ጠበበሽ እንዴ አለቃ?» አለኝ።

አለቃ የሚለኝ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ በተጋባን ማግስት አንሶላ እንደ ሆስፒታል አልጋ ጥርት አድርጌ ሳነጥፍ አይቶ ያወጣልኝ ስም ነው። ሌላዋን ሴት ሁሉ፣ ሱቁን የረገጠችውን፣ ትንሽ ትልቅ ሳይል «እትዬ» ነው የሚለው።

«ልክ ነው» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ ጫፉን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው። ፊቱን ብታዪው ኖሮ አንቺም ልክ ነው ትይ ነበር። ቆዳ ደግሞ ሲራመዱበት ይለቃል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ይለቃል፤ የእሱ ስፌት ግን አይለቅም።

እንዲህ ሆኖ ወጣን።

ስለ መንገዱ ልንገርሽ። አንድ ቀን መሄድ ያማረሽ እንደሆነ ከሌላ ሰው ከምትሰሚ ከእኔ ስሚ። ሸክም አታብዢ። ሰው ሁሉ የፈራውን ይሸከማል፤ ብርድ የፈራ ብርድ ልብስ፣ ረሃብ የፈራ ብስኩት። እኔ ፋሻ ተሸክሜ ወጣሁ፤ እሱስ አላሳፈረኝም። ካልሲ ሁለት ደራርበሽ ልበሺ፤ ውስጠኛው ስስ ይሁን። ማለዳ ውጪ፤ ፀሐይ ሳይከር ግማሹን ጨርሺ። ውሃ ሲጠማሽ ሳይሆን ሳይጠማሽ ጠጪ። እግርሽ ውሃ ከቋጠረ በተቀቀለ መርፌ ከዳር ብቻ ብጂው፣ ቆዳውን አትላጪው። ሰዉ ክር አስገብቶ ይተወዋል፤ ድንቁርና ነው። መንገዱ የሚያስፈራው ዳገቱ ላይ አይደለም። ዳገት ሳንባ ነው የሚፈትነው፤ ሳንባ ደግሞ ሲያርፉ ይመለሳል። ቁልቁለቱ ነው። ቁልቁለት ላይ ጣቶችሽ በሙሉ ወደ ፊት ሄደው ጫማው ጫፍ ላይ ይደረደራሉ።

ምልክቱ ድንጋይ ላይ የተቀባ ነጭ ቀለም ነው። አባትሽ እያንዳንዱን በእጁ እየነካ ያልፋል። እውነቴን ነው የምልሽ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደስ ብሎኝ ነበር። ቤት ውስጥ ከክፍል ክፍል ሲሄድ የሚጠፋበት ሰው፣ መንገድ ላይ አይጠፋበትም። መንገድ ስም አይጠይቀውም፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው አይለውም። ወደ ፊት ብቻ ነው።

ከሁለተኛው ማረፊያ ጀምሮ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ተቀላቀለን። ቀልደኛ ነው፤ ቀልዱ ግን አንድ ብቻ ናት። ዳገት በታየ ቁጥር ቆም ብሎ፣ «እትዬ፣ የዚህ ፌርማታው የት ጋ ነው? ስንቱን ስጭን ኖሬ ዛሬ ራሴን ልጫነው?» ይለኛል። አባትሽ በሰማት ቁጥር እንደ አዲስ ይስቃል። ሾፌሩ ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ያለ ሰሚ አግኝቶ አያውቅም፤ ለዚህ ይመስለኛል ያልተለየን።

ማታ ማታ አባትሽ ወስፌና ክሩን አውጥቶ የሰው ጫማ ይሰፋ ነበር። ተሳላሚዎቹ ባዶ እግራቸውን ተሰልፈው ይጠብቁታል። እኔ ክር እይዝለታለሁ። «ጋሼ፣ የእኔን ሶል ያዩልኛል?» ይላሉ፤ እሱም ያያል፣ ያውቃል፣ ይሠራል። ከዚያ የእኔን ጫማ አንስቶ ሰም ይቀባና አልጋዬ ሥር ጎን ለጎን አድርጎ ያስቀምጠዋል። በየማታው። ለዚህ ነው ጫፉን በምላጭ መቅደድ ያልቻልኩት። አንዲት ጭረት ብትኖርበት ያያት ነበር። አይቶም «ለምን?» ይል ነበር። ያን ጊዜ ምን ልለው ነው?

ስለዚህ መጸዳጃ ቤት ቆልፌ እገባና ፋሻዬን እቀይራለሁ። የተማርኩበት ትምህርት ቤት አስተማሪያችን ፋሻው አንዱ ዙር በሌላው ላይ በግማሽ ካልደረበ አስፈትታ እንደገና ታስጠቀልለን ነበር። ተጎንብሼ፣ በአንድ እጄ በሩን ይዤ፣ በግማሽ እየደረብኩ ጠቀለልኩ። መጀመሪያ ጥፍሮቼ ጠቆሩ። ከዚያ አንዱ ካልሲው ውስጥ ቀረ። ከዚያ የትንሿ ጣቴ ቀለም ደስ አላለኝም። ሌላ ሰው እንዲህ ያለ እግር ይዞልኝ ቢመጣ ኖሮ በጥፊ አልመታውም እንጂ ያንኑ ያህል እናገረው ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ወንዙ የሚያወርደው ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ማሰሪያዬን ላላላ ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል አባትሽ የለም። ሁልጊዜ ቀድሞኝ ይሄድና ዞር ብሎ ይጠብቀኛል። ያን ቀን አልዞረም። ታች መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ነጭ ምልክቱ ደግሞ በጭቃ ተሸፍኗል። ልጄ፣ በዚያ ጫማ ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚያ ቁልቁለት፣ ሮጥኩ። እግሬን የጨረሰው ያ ነው።

ሾፌሩ ድልድዩ ላይ እጅጌውን ይዞ ሲለማመጠው ደረስኩ። «ጋሼ ወደ ከተማው በሚወስደው ሲነጉዱ ነው የያዝኳቸው» አለኝ። «ሚስቴ ምሳ ይዛ ትጠብቀኛለች ብለው አስቸገሩኝ።» አባትሽ እኔን አላየኝም፤ ወንዙን ነበር የሚያየው። እጁን ስይዘው ተከተለኝ። የተከተለኝ ግን ሰው እንግዳ ሰውን እንደሚከተል፣ በይሉኝታ ነው።

በዚያው ቀን እዚህ ማረፊያ ስንገባ ኃላፊዋ ወለሉን ገና መወልወሏ ነበር። «እማማ፣ ቆይ፣ ምንድን ነው ይሄ የሚከተልዎት?» አለች። ዞር ብዬ ሳይ ከበሩ ጀምሮ በእያንዳንዱ የቀኝ እርምጃዬ ላይ የደም ምልክት አለ። ያለ ፈቃዴ አስቀመጠችኝና ጫማውን መዥርጣ አወለቀች። «ወይኔ!» ብላ አፏን ያዘች። እንደዚህ ዓይነት ጩኸት ቁስለኛ ፊት አይጮህም፤ ይህንንም ነግሬያታለሁ።

ጫማ ሲወልቅ አባትሽ ከየትም ይመጣል። የመሣሪያ ከረጢቱን ይዞ መጣና ተንበረከከ። እግሬን በሁለት እጁ አነሳው።

«ይፍቀዱልኝ እትዬ» አለኝ።

ልጄ፣ እትዬ አለኝ።

ጣቶቼን አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ ጫማውን አንስቶ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ።

«ማነው ይህን የሠራልዎት?»

ሾፌሩ፣ «ጋሼ፣ ይሄማ የራስዎ...» ብሎ ጀመረ። የጉብኝት ሰዓት ሳይደርስ ክፍል የሚገባውን ጠያቂ በማይበት ዓይን አየሁት። አፉን ዘጋ።

«አንድ ጫማ ሰሪ ነው» አልኩ።

«ጫማ ሰሪ! እጁን መስበር ነበር!» አለ፤ ድምፁ ቤቱን ሞላው። «ይሄ የልጅ እግር ጫማ ነው፣ የሙሽራ። የእርስዎን እግር ዓይኑን ከፍቶ አላየውም።» ጫማውን ወደ ብርሃኑ አገላበጠው፤ በጥፍሩ ስፌቱን ተከተለ። ድምፁ ቀነሰ። «ስፌቱስ ደህና ነው። ስፌቱ ጥሩ እጅ ነው። ያሳዝናል።»

«አዎ፣ ያሳዝናል» አልኩ።

«ባል የለዎትም? ይህን ሁሉ መንገድ በዚህ ጫማ ሲመጡ ዝም ብሎ የሚያይ?»

«አለኝ።»

«ታዲያ የት አለ?»

«ቀድሞኝ ሄደ» አልኩት።

«ምን ዓይነት ሰው ነው!» አለና ራሱን ነቀነቀ። ከኪሱ ሰም የተቀባ ክር አወጣ። ጣቶቼ ሥር አዙሮ አንድ ቋጠሮ፣ እግሬ ጀርባ ላይ አንድ፣ ተረከዜ ጋ አንድ ቋጠረ። ያበጠውን፣ አጥንቱን፣ ሁሉንም፣ አንዲት ሳያስቀር ለካ። በትዳር ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ተጠንቅቆ ለክቶኝ አያውቅም። ክሩን መዳፌ ላይ አስቀመጠና፣ «ማክሰኞ ይምጡ፣ ይደርስልዎታል። እስከዚያ በዚህ ነገር አንድ እርምጃ እንዳይራመዱ» አለኝ።

እግዜር ይስጥልኝ አልኩት። ሾፌሩ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር።

ሻይ ከጠጣ በኋላ አባትሽ ወደ ራሱ ተመለሰ። አጠገቤ መጥቶ፣ «አለቃ፣ ምን ተጎልተሻል? ጫማሽን አድርጊ እንጂ፣ ቀኑ መሸ እኮ» አለኝ። ነገ እንሄዳለን አልኩት። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ከረጢቱን ተሸክሞ በሩ ላይ ይቆማል፤ እኔም በየጠዋቱ ነገ እላለሁ። አንዳንድ ቀን አለቃ ነኝ፤ አንዳንድ ቀን እትዬ ነኝ። እትዬ የሆንኩ ቀን ይበልጥ ትሑት ነው፤ ወንበር ያመጣልኛል።

ኃላፊዋ የግቢውን በር ትዘጋዋለች። እሱ ደግሞ ይነቀንቀዋል። አሁን የምሰማው ድምፅ እሱ ነው። ሾፌሩ እስከ ትናንት ቆይቶ ግቢውን አብሮት ሲዞር፣ በዚያችው ቀልዱ ሲያስቀው ከረመ። ዛሬ ማለዳ ሄደ፤ እሱም የተሳለው አለው። ሲሰናበተኝ መቀለድ አልቻለም።

የጤና ጣቢያዋ ልጅ በየቀኑ እየመጣች ቁስሉን ታጥባለች። ጎበዝ ናት፣ ፋሻ ግን ታላላለች። ትንሿ ጣት እንደማትተርፍ ልትነግረኝ ስትዞር ስትዞር አሳዘነችኝና እኔው ነገርኳት። ሽታውን ከእሷ በፊት አውቄዋለሁ። ከሚቀጥለው ሰኞ በኋላ ባለው ሰኞ በአምቡላንስ ወደ ከተማው ሆስፒታል ይወስዱኛል። ቀላል ነገር ነው፤ እንዲህ ያለውን ስንቱን አይቻለሁ። ሆስፒታሉ ግን አስታማሚ እንጂ ራሱ የታመመ አስታማሚ አያስገባም። ኃላፊዋም ማረፊያ ቤት ነው የያዘችው፤ ተሳላሚ ገብቶ ይወጣባታል፤ በር ተከፍቶ ይረሳል። እኔ ስገባ እሱ የት እንደሚሆን እያሰብኩበት ነው።

ያኔ በስልክ ስለዚያ ስለ አረጋውያን ቤት ስታነሺብኝ መስመሩ ተበላሸ ብዬሽ ነበር። መስመሩ ደህና ነበር። እስቲ ጠይቂልኝ፤ ግቢው ሰፊ ነው? በሩን እንዴት ነው የሚዘጉት? የሥራ ጠረጴዛ ማስገባት ይፈቅዳሉ? ወስፌ ባይፈቅዱ እንኳ ክርና ሰም ማን ይጎዳል? ለማወቅ ያህል ነው።

አንድ ነገር አስቸግርሻለሁ። አባትሽ የለካበትን ክር ከዚህ ደብዳቤ ጋር አስገብቼዋለሁ። ቋጠሮዎቹን እንዳትፈቺ። በዚያ ልክ ፊቱ የተከፈተ፣ ሶሉ ወፍራም የሆነ፣ የማያምር ጫማ ግዢልኝ። ቀለም አትምረጪ። በፖስታ ግን አትላኪው። የዚህ አገር ፖስታ ዕቃ ያጠፋል፤ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። በሰው እጅ ቢመጣ ነው የሚሻለው።

የሚመጣ ሰው ካገኘሽ፣ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት የሚቆመውን አውቶቡስ ይያዝ፤ ታክሲዎቹ እንግዳ ሲያዩ ያዞራሉ። ዱቄት ወፍጮው ጋ ይውረድ። ድልድዩን ተሻግሮ በግራ በኩል ነው፤ ሰማያዊ የብረት በር። ዝናብ ስላለ ኮት ይያዝ። እኔ ባለሁበት ክፍል አንድ አልጋ ባዶ ነው፤ አንሶላውን ተቀምጬም ቢሆን አንጥፌዋለሁ።

አንቺ ሥራ እንዳለብሽ አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ።

የምትረግጪው ይለስልስልሽ፣ የምትገቢበት በር አይጥበብሽ። አባትሽ፣ ባወቀኝ ጊዜ፣ ያችን ልጅ ሳሚልኝ ብሏል።

እናትሽ

ኃላፊዋ ጆሮዋ ከበድ ይላል። ደወሉን ደጋግሞ መደወል ነው። ከውስጥ በሩን የሚነቀንቅ ሰው ከተሰማሽ አትደንግጪ፤ ስሙን ጠርተሽ ቁሚ።